የካርቡራተር ምስክርነት፦ ጥገና እንደ ታሪክ ምንጭ



የአውቶሞቢልን ታሪክ በአገራችን ስንጽፍ ልማዳችን ከመምጣቱ መጀመር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋ ተብላ የምትታወቀውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ማድረሱን እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ ማን እንደ ጠገናት፣ በምን መሣሪያ ፈትቶ በምን ብልሃት እንደ ገጠማት ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዴቪድ ኤጀርተን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ የፈጠራ ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀምና የጥገናም ታሪክ መሆን እንዳለበት ተከራክሯል። ዛሬ ይህን ሐሳብ በአንዲት በእጅ በምትያዝ ዕቃ ልፈትነው እሞክራለሁ፤ ዕቃዋም ካርቡራተር ናት።

የካርቡራተር ሥራ ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ መቀላቀል ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1893 አካባቢ ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ የሚረጨውን ዓይነት ከሠራ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ በጠባቡ ቦታ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ቤንዚኑም በዚህ የግፊት ልዩነት ከትንሿ ጋኑ እየተሳበ ይወጣል። የሚወጣውን መጠን የሚወስነው ከናስ የተሠራ፣ መሐሉ የተበሳ አንድ ቁራጭ ነው፤ መመጠኛ እንበለው። የመመጠኛው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ስለሚገልጽ፣ 120 የሚል ቢጻፍበት ቀዳዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ይህን የማነሣው አንዲት የቆየች ቮልስዋገን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምንላትን፣ ካርቡራተሯን ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ ያደስሁ በመሆኑ ነው። ካርቡራተሩ ሶሌክስ ነው። ሥራው ትዕግሥትን እንጂ ውድ መሣሪያን አይጠይቅም፤ ክዳኑን መፍታት፣ ተንሳፋፊውን ማውጣት፣ መመጠኛዎቹን እየነቀሉ በቤንዚን ማጠብና በግፊት አየር መንፋት ነው። ሽቦ ማስገባት ክልክል ነው፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ልኩም ይጠፋል። ወረቀትና ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ በአዲስ ይተካል።

እንደ ታሪክ ተማሪ የሳቡኝ ግን በውስጡ ያገኘኋቸው አሻራዎች ናቸው። ጓርኒሲዮኑ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ከካርቶን በመቀስ የተቆረጠ ነበር። የብሎኖቹ ራስ በተደጋጋሚ የተፈታ መሆኑን ይናገራል። ከሁሉ በላይ ዋናው መመጠኛ በፋብሪካው መመሪያ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ነበረው።

ይህ ያነሰ ቁጥር ምን ይነግረናል? የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ አየር የተሰናዳ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ጠበብ ያለ መመጠኛ ነው። እንግዲህ ስሙን የማናውቀው አንድ መካኒክ ለሜዳው አገር የተሠራውን ዕቃ ለደጋው አየር እንደ ገና አበጅቶታል ማለት እንችላለን። ነገር ግን ምንጭን መመርመር ግዴታችን ነው። በዚያን ቀን ሶማሌ ተራ የተገኘው መመጠኛ ያ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ዕቃው ድርጊቱን ይመሰክራል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱን የሚያውቁት ሰዎቹ ናቸው።

ሌላው ማኅደር ቋንቋችን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ጓርኒሲዮን፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ በእኛ ጋራዥ ግን ሻማነቱ ተረስቶ የሞተር ዕቃ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን ወረራ በጦርነቱ፣ በአርበኞቹ ተጋድሎና በመንገዶቹ ግንባታ እናስታውሰዋለን። በእጅ ሥራ ቋንቋ ላይ የቀረውን አሻራ ግን በቅጡ አላጠናነውም። ቃሉ የወራሪው ሲሆን ሙያው የእኛ ሆኗል፤ ይህ የሆነበት መንገድ፣ ማን ከማን አጠገብ ቆሞ እንደ ተማረ፣ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ጊዜው ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተመርታለች። በአዳዲስ መኪኖች ካርቡራተርን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ከተካው ቆይቷል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ውሳኔውን መደገፍም ሆነ መንቀፍ የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም። ማለት የምፈልገው ይህን ነው፦ ድብልቁን በሞተሩ ድምፅ የሚያስተካክሉ፣ የካንዴላውን ቀለም አይተው በሽታውን የሚለዩ ባለሙያዎች እያረጁ ነው፤ የሚተካቸው ተማሪም ይህን ሙያ የሚማርበት ምክንያት እየጠፋ ነው። ዕውቀታቸው በጽሑፍ አልሰፈረም። በቤተ መጻሕፍታችን የፋብሪካውን መመሪያ ልናገኝ እንችል ይሆናል፤ መመሪያው ለእኛ ከፍታ እንዴት እንደ ተሻረ ግን በእነርሱ እጅ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ወደ መዛግብት ቤት ስትሄዱ በመንገዳችሁ ወዳለው ጋራዥም ጎራ በሉ። የተጣሉትን ዕቃዎች ከነቁጥራቸው መዝግቡ፤ አንጋፋዎቹን መካኒኮች በቃላቸው የሚያውቁትን ጠይቁ፤ ቃላቸውንም እንደ ተናገሩት ጻፉ። «ይህን መመጠኛ ለምን አጠበብከው?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬ መልስ የሚሰጥበት ሰው አለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሚቀረን ናሱ ብቻ ነው።