የጥርስ ሐኪም ለመሆን ምን ያህል ይለፋል? ከ«ጥርስ ትል» እስከ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት



«ዶክተር፣ ልጄን ተቅማጥና ትውከት ይዞታል። አያቱ ድዱን አይተው የወተት ጥርሱ ይውጣለት ይላሉ። ምን ይሻላል?» ይህን ጥያቄ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። አጭሩ መልስ፦ በፍጹም አታስወጡ! ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ዛሬ ትንሽ ወደ ታሪክ እንመለስ።

በብዙ አገሮች ለሺህ ዓመታት ጥርስን የሚበላው ትል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አውሮፓ ውስጥም ጥርስ የሚነቅሉት ፀጉር አስተካካዮችና በገበያ የሚዞሩ ነቃዮች ነበሩ። ሙያውን የሚያውቁትም ቢሆኑ ምስጢራቸውን ለማንም አያካፍሉም ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ስለ ጥርስ ሕክምና የሚያውቀውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። የጥርስ ትል የሚባለውን እምነት ተቃወመ፤ ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳም አስጠነቀቀ።

ቢሆንም ትምህርት ቤት አልነበረም። ጥርስ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው አንድ ባለሙያ ሥር ገብቶ እያየ ይለምድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ሆራስ ሃይደንና ቻፒን ሃሪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በዓለም የመጀመሪያውን የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ1841 የተመረቁት ደግሞ ሁለት!

በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ሉሲ ሆብስ ሴት በመሆኗ በኦሃዮው ኮሌጅ እንዳትማር ተከልክላ ነበር። ተስፋ ሳትቆርጥ በግሏ ስትሠራ ቆይታ በ1866 ከዚያው ኮሌጅ ተመረቀች፤ በዲግሪ የመጀመሪያዋ ሴት የጥርስ ሐኪምም ሆነች። ሃርቫርድ ትምህርት ቤቱን በ1867 ሲከፍት፣ ወላጆቹ በባርነት የኖሩት ሮበርት ፍሪማን ገብቶ በ1869 ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዱ ሆነ። በ1926 ዊልያም ጊስ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ምሁር ባወጣው ጥናት፣ የጥርስ ሕክምና እንደ ሌላው ሕክምና ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ደረጃና በሳይንስ ላይ ተመሥርቶ መሰጠት እንዳለበት አሳሰበ።

ዛሬ ተማሪው ምን ይማራል? በመጀመሪያ እንደ እኛ እንደ ሐኪሞቹ የሰውነት አሠራርን፣ መድኃኒትንና የበሽታ መንስኤን ያጠናል። ቀጥሎ በሰው ጭንቅላት ቅርጽ በተሠራ አሻንጉሊት አፍ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ መቦርቦርና መሙላት ይለማመዳል። መቦርቦሪያው በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ እጁ ሳይጠና ታካሚ አይነካም። ከዚያ በኋላ ነው በመምህር ክትትል ሰው ማከም የሚጀምረው። የማደንዘዣ መርፌ ሲወጋ ነርቩና የደም ሥሩ የት እንዳለ፣ ዕቃው እንዴት ከጀርም እንደሚጸዳ፣ ደም ቢፈስ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ድዱ ላይ ያበጠው ትል ወይም በሽታ ሳይሆን ገና ያልወጣ ጥርስ ነው። ባልጸዳ ስለት ሲወጣ ብዙ ደም ሊፈስ፣ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ሊገባ፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ግን በዚህ አይቆምም።

ልጃችሁ ተቅማጥ ከያዘው፦
✅ ጡት ማጥባት አታቋርጡ
✅ ኦአርኤስ ስጡ፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ጠይቁ
✅ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከደከመ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ተቅማጡ ደም ካለው ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት

ለአያቶች በአክብሮት አስረዷቸው፤ እነሱም የሚሉት ለልጁ ከማሰብ ነው። ልጃችሁ የመጀመሪያ ጥርሱን ሲያወጣ ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው ለተማረ የጥርስ ሐኪም አሳዩት።

ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት። መልካም ጤና!