ወዳጅ ያበራው መብራት

አየር ጤና ካለ ማደያ ፊት ለፊት፣ ሚኒባሶች ለናፍጣ ተሰልፈው፣ አንድ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ግድቡ አልቆ የለም እንዴ? እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» ሲል ሰማሁት። ረዳቱ ሳቀ። ግድብ መብራት ይሰጣል፤ ሚኒባሱ የሚጠጣው ግን በጅቡቲ በኩል፣ በዶላር ተገዝቶ ይገባል። ቢሆንም የሹፌሩ ጥያቄ ስልሳ ዓመት ወደኋላ ይወስደናል።

ከቆቃ እንጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ሲሆኑ እ.ኤ.አ. እላለሁ።) ጣሊያን ለወረራዋ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል እ.ኤ.አ. በ1947 ተወሰነባት። ክፍያው ሲንከባለል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1956 በስምምነት ተቀንሶ ተቋጨ። አዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ቆቃ ስጦታ አልነበረም፤ የደም ዕዳ ነበር።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ለግብፅ አስዋን ግድብ ልትሰጥ የነበረውን ገንዘብ ከለከለች፤ ሶቪየት ኅብረት ገባች። አሜሪካኖቹ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 አባይን አጠኑ። ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ለዩ፤ አንዱ ሱዳን ድንበር አጠገብ ነበር። ገንዘብ ግን አልተከተለም። ካይሮን ለመቆንጠጥ የተጀመረ ጥናት ለኛ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ንጉሠ ነገሥቱም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። የአሜሪካ ወዳጅ የነበረችው አገር የአሰብን ነዳጅ ማጣሪያ በሶቪየት እርዳታ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው የኛ፣ ድፍድፉ ግን የሰው ነበር። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱም በዚያው ወር ፈነዳ።

ደርግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሞስኮ ላይ ተደገፈ። መልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1988 በሶቪየት እርዳታ ተመረቀ። ብዙ ሳይቆይ ራሷ ሶቪየት ፈረሰች። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻነቷን ስታውጅ አሰብ አብራ ሄደች፤ ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ወዳጅም ማጣሪያም በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጃችን ወጡ።

ለህዳሴ ግድብ ዋናው ገንዘብ ከአገር ውስጥ የወጣው ለዚህ ይመስለኛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ሰው ከደመወዙ እያስቆረጠ ቦንድ ገዛ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ተባለ። ሐቁን እንናገር ከተባለ ግን «ብቻችንን» የሚለው ቃል ሙሉ አይደለም። ከግድቡ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በቻይና ብድር ነው የተዘረጋው። ልዩነቱ ውሳኔው ላይ ነው፦ ግድቡ ይሠራ አይሠራ ብሎ የወሰነልን የውጭ ወዳጅ አልነበረም።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አንድ ቀን የአየር ጤና ሚኒባስ ከአባይ መብራት ይሞላ ይሆናል። ያኔም ባትሪው ከየት ነው የሚመጣው? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? አሰብ ላይ ሳንጠይቅ የቀረነው ይህንን ነው።

ረዳቱ በሩን መታ አደረገ፤ «ሳበው፣ ተራችን ደርሷል!»