ከሯጩ በስተኋላ ያለው መምህር

ስለ አገራችን ሩጫ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሜዳልያው ነው። ሯጩን ለዚያ ያበቃው ሰው ግን ይረሳል። ለዚህ በአርሲ የምትገኘውን በቆጂን መመልከት ይበቃል።

ከዚህች ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝተዋል። ብዙዎች ምክንያቱ 2,800 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ከፍታ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ደጋ አገር ብዙ ነው፤ በቆጂ ግን አንድ ናት። ልዩነቱን ካመጡት አንዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። እነደራርቱንና እነቀነኒሳን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል።

እንግዲህ በየአካባቢው ለስፖርት ባለውለታዎች የክብር መዝገብ ሲዘጋጅ፣ ከሯጩ ስም ጎን የአሠልጣኙና ሜዳውን ያዘጋጀው ሰው ስም ይስፈር። ተማሪዎች ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ስም፣ ዘመንና ሥራ ይመዝግቡ፤ መምህሩም ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር ያመሳክር። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቢሰቀል ለተተኪው ትውልድ ትምህርት ይሆናል።