አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ጆሮ

«ማንበብ የብቻ ነገር አይደለም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ተሰብስቦ ማንበብ ምን ይሉታል?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ እየመጣልኝ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ፣ መልሱን ከታሪክ ነው የምጀምረው።

እኛ አገር ለብቻ፣ ዝም ብሎ ማንበብ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ለዘመናት ንባብ ማለት ድምፅ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የሚያልፈው ጮክ ብሎ ነው፤ የኔታ እየሰሙ ያርሙታል። ዳዊትም «ይደገማል» እንጂ በዓይን ብቻ አይታለፍም። ቀኑን ሙሉ ማንበብም ቢሆን ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። በሰሞነ ሕማማት ግብረ ሕማማት በየሰዓቱ ይነበባል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ይሰማል። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የሚጻፍ ውድ ዕቃ ስለነበር አንድ ቅጂ ለደብሩ ሁሉ መብቃት ነበረበት። ያበቃው ድምፅ ነው።

ማተሚያ ከመጣ በኋላም ነገሩ ቶሎ አልተለወጠም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ጀመረ። ማንበብ የሚችለው ግን ጥቂት ሰው ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ፣ በገጠር ደብዳቤ የደረሰው ብዙ ሰው አንባቢ ፍለጋ ይዞር ነበር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደሞ እዩ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከአንባቢው አልፎ የሁሉም የሆነው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊታውራሪ መሸሻን ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ነበር የምታማቸው። ታዲያ አያቴን «መጽሐፉን አታውቀውም» ማለት ይቻላል?

እኛም ያደረግነው ይኸንኑ ነው። 11 ሰዎች፣ 3 ቅጂ፣ ያው «ፍቅር እስከ መቃብር»። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ ለምሳና ለቡና ብቻ እያረፍን፣ በተራ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጮክ ብለን አነበብን። አልጨረስነውም፣ ወፍራም ነው እኮ!

ከመካከላችን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ «አንብብ» ሲባል ጉሮሮዬን አሞኛል የሚል ልጅ ነው። ተራው ሲደርስ መጽሐፉን ተቀበለ። የመጀመሪያውን ገጽ እየተደናቀፈ አነበበ፤ ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላረመው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፁ ተስተካከለ። ሰዓቱ ሲያልቅ «ምዕራፉን ልጨርሰው?» አለ። ፈቀድንለት።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። 10ኛ ክፍል ደርሶ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚፈራ ተማሪ ብዙ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። የሚሰማው ሰው አጥቶ ነው። ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ተራ አያደርስም። ቤት ሲገባ ደሞ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። «ለብቻህ አንብብ» ማለት ማንበብ ለለመደ ሰው የሚሠራ ምክር ነው፤ ላልለመደው ግን በር መዝጋት ነው። የኔታ ይኼን ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብለው የሚሰሙት።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደሆነ ጣራ ነክቷል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ እንግዛ ብንል አንችልም። አንድ ቅጂ ግን ከሁላችን ቤት አይጠፋም። ወላጆች፣ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ስሙ። ቢሳሳት ዝም በሉት፣ ገጹን ይጨርስ።