ደብዳቤውን ማን ጻፈው? የቤት ሠራተኛዋ በፊልም ታሪክ ውስጥ

ስለ ሴቶችና ስለ ፊልም ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የውብ ተዋንያት ታሪክ ነው። ማሪሊን ሞንሮ እንዲህ ነበረች፣ ሶፊያ ሎሬን እንዲያ ነበረች ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ግን አንባቢን የምጋብዘው ከነሱ በስተጀርባ ትሪ ይዛ ገብታ የምትወጣዋን ሴት ልብ ብሎ እንዲመለከት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በሮም ወይም በዋሽንግተን የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ቤተሰቧን ያኖረች እናት፣ እኅት ወይም አክስት የሌለው ስንቱ ነው? ስለዚህ የዚህች ሴት መልክ በፊልም እንዴት ተሣለ፣ በዘመናት ውስጥስ እንዴት ተለወጠ የሚለው ጥያቄ የኛም ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1934 ሆሊውድ «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» የተባለ ፊልም አወጣ። ሉዊዝ ቢቨርስ የምትጫወታት ደሊላ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ናት። የፓንኬክ ሙያዋ ነጭ እመቤቷን ባለጸጋ ያደርጋታል። እመቤቲቱ ከኩባንያው ሃያ በመቶ ድርሻ ይኖርሻል፣ የራስሽንም ቤት ትገዣለሽ ብትላት ደሊላ ትደነግጣለች። እዚሁ ሆኜ ላገልግልሽ እንጂ ሌላ ቤት ምን ያደርግልኛል ባይ ናት። ለራሷ የምትመኘው ነገር ቢኖር ያማረ የቀብር ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። የራሱን ቤት የማይመኝ ሠራተኛ የሚገኘው እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥቁርና በነጭ መካከል ፍቅር እንዳይታይ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ለጥቁር ተዋናይት ክፍት የነበረው በር በአብዛኛው የወጥ ቤቱ በር ነበር።

በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወጣ። መጽሐፉን ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆነው በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉመውት «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ስለታተመ፣ ታሪኩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በፊልሙ ሐቲ ማክዳንኤል የተጫወተቻት ባሪያ ሴት ልበ ሙሉ ናት፤ እመቤቷን ስካርሌትን ትገሥጻለች፣ ትመክራለች። ነገር ግን ከ«ማሚ» በቀር ስም የላትም። ስም ከመቃብር በላይ ነው በሚል ሕዝብ ዘንድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐቲ ማክዳንኤል ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ በዘር ሕግ ምክንያት አልተገኘችም። በየካቲት 1940 በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ስትሸለምም የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ነበረች፤ የተቀመጠችው ግን ከፊልም ጓደኞቿ ተነጥላ፣ በግድግዳው ጥግ በተዘጋጀላት ትንሽ ጠረጴዛ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የሴኔጋሉ ደራሲ ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ የጉልበት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። አብዛኛው ያገራቸው ሕዝብ መጽሐፎቻቸውን ማንበብ እንደማይችል በማየታቸው ፊታቸውን ወደ ፊልም አዞሩ። በ1966 ያወጡት «ላ ኑዋር ደ» የተሰኘ ፊልም በጋዜጣ በወጣ እውነተኛ የሞት ዜና ላይ የተመሠረተ ነው። ዲዋና የተባለች የዳካር ልጅ ልጆች እንድትጠብቅ በፈረንሳዮች ተቀጥራ ወደ አንቲብ ከተማ ትሄዳለች። ፈረንሳይን አያለሁ ብላ የሄደችው ልጅ ያየችው ግን ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱንና መኝታ ቤቱን ነው። ምግብ አብሳይም፣ ልብስ አጣቢም፣ ጠራጊም እሷው ሆነች። ይህን ታሪክ በቤይሩት የነበረች ሁሉ ታውቀዋለች።

ከፊልሙ ውስጥ እኔ የማልረሳው የደብዳቤውን ቦታ ነው። ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። ዲዋና ማንበብም መጻፍም አትችልምና አሠሪዋ ያነብላታል፤ ቀጥሎም እሷ አንድ ቃል ሳትናገር መልሱን በስሟ መጻፍ ይጀምራል። ዲዋና ደብዳቤውን ነጥቃ ትቀደዋለች። ብዙም ሳይቆይ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሕይወቷን ታጠፋለች። አሠሪው ያልተከፈላትን ደመወዝ ይዞ ዳካር ድረስ ቢሄድ እናቲቱ ገንዘቡን አልቀበልም ይላሉ።

ዲዋና ስም አላት፤ የሚጠብቃት አገርና እናትም አላት። በአፏ ብዙ ባትናገርም ሐሳቧን እንሰማለን። ይሁን እንጂ ያ ድምፅ እንኳ የሌላ ሰው ነው። ዲዋናን ሆና የምትታየው ምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ ስትሆን፣ በፈረንሳይኛ የምትናገርላት ቶቶ ቢሰንት የተባለች የሃይቲ ተወላጅ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጎንደር አሜሪካ የገቡት ኃይሌ ገሪማ፣ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ «ቡሽ ማማ»ን በ1975 ሠሩ። ዶሮቲ የሰው ቤት ሠራተኛ አይደለችም፤ ባሏ የታሰረባት፣ ሥራ አጥታ በመንግሥት ድጎማ ልጇን የምታሳድግ እናት ናት። ደሊላ አልፈልግም ያለችው የጥቁር ሴት የገዛ ቤት እነሆ እዚህ ይታያል፤ ከነችግሩ፣ ከነፖሊሱ። ዶሮቲ ልጇን የሚደፍረውን ፖሊስ ገድላ እስር ቤት ትገባለች። በመጨረሻው ትዕይንት ከራሷ የማይለየው ሰው ሠራሽ ጸጉር የለም፤ ለባሏ የምትልከውን ደብዳቤም የምንሰማው በራሷ ድምፅ ነው። በዲዋና እጅ ከተቀደደው ደብዳቤ እስከዚህኛው ያለው ዘመን ከአሥር ዓመት አይበልጥም።

እንዲህ ሲባል ግን ታሪክ ሁልጊዜ ወደፊት ይሄዳል ማለት አይደለም። በ2011 በወጣው «ዘ ኸልፕ» የሚሲሲፒ ጥቁር ሠራተኞች የደረሰባቸውን ይናገራሉ፤ መጽሐፉን የምትጽፍላቸው ግን ነጭ ወጣት ናት። ኦክታቪያ ስፔንሰር በዚሁ ፊልም የቤት ሠራተኛ ሆና ኦስካር ተሸለመች። ዋናዋ ተዋናይት ቫዮላ ዴቪስ ግን በ2018 የሠራተኞቹ ድምፅ በፊልሙ አልተሰማም ስትል በመሥራቷ መጸጸቷን ተናግራለች።

ከዚህ ነቀፋ እኛም ነጻ አይደለንም። በጠለፋ ላይ የተነሣው ያገራችን ፊልም «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት ያገኘ፣ የሚያኮራ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን፣ ታሪኩ በራሷ ላይ የደረሰው ሴት ካነሣችው አቤቱታ ጋር በተያያዘ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። ፊልሙ በኋላ ቢታይም ጥያቄው አብሮት ቀርቷል። ለሴት ድምፅ ልሁን የሚል ፊልም አስቀድሞ ባለታሪኳን መጠየቅ የለበትም ወይ?

ውድ አንባብያን፣ ሁላችንም ካገር እንደወጣን «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፈናል። በሰው መኪና ተደግፈን የተነሣነውንም ፎቶግራፍ አያይዘን ልከናል። ያልጻፍነው ግን ከጻፍነው ይበዛል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ ያን ታሪክ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጽፍልን መጠበቅ የለብንም። ዛሬ በየልጆቻችን ስልክ ላይ ካሜራ አለ። ከቡና በኋላ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን አስቀምጧቸውና መጀመሪያ የገቡበት የሰው ቤት ወጥ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።