ጰራቅሊጦስ፦ አጽናኝ ወይስ ጠበቃ?

ከትንሣኤ በሃምሳኛው ቀን የምናከብረውን በዓል «ጰራቅሊጦስ» እንለዋለን። በልጅነቴ አያቴን ትርጉሙን ብጠይቃቸው «መንፈስ ቅዱስ ነዋ!» ብለው አለፉኝ።

ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ጥሬ ፍቺውም «ከጎን እንዲቆም የተጠራ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ343 ዓመት ዴሞስቴኔስ በአቴና ችሎት ሲናገር፣ ለባለጉዳይ ወግነው ዳኞችን የሚማጸኑ ሰዎችን በዚሁ ቃል ጠርቷቸዋል።

ይኸው የችሎት ቃል በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ለመንፈስ ቅዱስ፣ በመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ 2 ደግሞ ለክርስቶስ ተነግሯል። የግእዝ ተርጓሚዎች በወንጌሉ ውስጥ ቃሉን እንዳለ አቆዩት። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በወንጌሉ «አጽናኝ»፣ በመልእክቱ «ጠበቃ» ይለዋል። እንግዲህ አንባቢ የሁለቱ ምንጭ አንድ መሆኑን በምን ይወቅ?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አጽናኝ ለቅሶ ቤት የሚመጣው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጠበቃ ግን ፍርዱ ሳይሰጥ ይደርሳል። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚይዝ አንድ የአማርኛ ቃል እኔም አላገኘሁም። አያቴን ዛሬ ባገኛቸው ግን «ከጎንዎ የሚቆም ማለት ነው» እላቸው ነበር።