በሌሊት የሚለወጠው ዕቃ
የስማርት ስልክ ባለቤቶች በሥርዓተ ክወና ዝማኔ ላይ ያሰሙት አቤቱታ አጭር ታሪክ

ሰው የገዛው ዕቃ ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ይጠገናል እንጂ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መልኩንና ጠባዩን አይለውጥም። መጥረቢያው በማግሥቱም መጥረቢያ ነው፤ የራዲዮኑም የጣቢያ መፈለጊያ ትናንት ከነበረበት ቦታ አይጠፋም። ይህ ለሺህ ዘመናት የጸና የዕቃና የባለቤት ግንኙነት በእኛ ዕድሜ፣ በመዳፋችን በምንይዘው ስልክ ምክንያት ፈርሷል። ማታ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ያደረ ስልክ ጧት ሌላ ስልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን የሚያደርገውም በተለምዶ «አፕዴት» የምንለው፣ በአማርኛ ደግሞ ዝማኔ መባል የጀመረው የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ነው።

ሶፍትዌር የምንሠራ፣ መሣሪያ የምንጠግንና ተጠቃሚን የምናሠለጥን የዚህ ማኅበር አባላት የባለቤቶችን ማጉረምረም ሳንሰማ የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጉታል፤ «ልማድ ነው፣ ይለምዱታል» ይላሉ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው የአገራችን አባባልም ይህንኑ አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል። ታሪኩን ከሥሩ ለሚመረምር ግን ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። በመልክ ለውጥ ላይ የተነሣው ጩኸት በአብዛኛው በጊዜ በርዷል፤ ሳይነገር በተደረገ ለውጥ ላይ የተነሣው ግን ፍርድ ቤት ደርሶ እስከ መቀጮ ሄዷል። ይህን ልዩነት ለማሳየት በይበልጥ የአይፎንን ታሪክ እንከተላለን፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሽቦ ወደ አየር

ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን በሳንፍራንሲስኮ ያስተዋወቀው በጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲሆን፣ ስልኩ ለገበያ የቀረበው በዚያው ዓመት ጁን 29 ቀን ነው። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የስልኩን ሥርዓተ ክወና ለማደስ የፈለገ ሁሉ መሣሪያውን በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘትና ሥራው እስኪፈጸም መጠበቅ ነበረበት። አድካሚ ቢሆንም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ይኸውም ባለቤቱ አስቦና ወስኖ የሚያደርገው ሥራ መሆኑ ነው።

ይህ ሁኔታ በኦክቶበር 2011 አይኦኤስ 5 በወጣ ጊዜ ተለወጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዝማኔ ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚመጣ ሆነ። በ2018 በወጣው አይኦኤስ 12 ደግሞ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ከፈቀደ ስልኩ በሌሊት ራሱን በራሱ እንዲያድስ ተደረገ። ስለሆነም በሰባት ዓመት ውስጥ ዝማኔ ባለቤቱ የሚያደርገው መሆኑ ቀርቶ በባለቤቱ ላይ የሚደርስ ነገር ወደ መሆን ተሸጋገረ ማለት ይቻላል።

መንገድ ያሳተው ካርታ

የመጀመሪያው ታላቅ አቤቱታ የተሰማው በሴፕቴምበር 2012 ነው። አፕል በዚያ ወር 19ኛ ቀን ባወጣው አይኦኤስ 6 ባለቤቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ የለመዱትን የጉግል ካርታ አስወግዶ በራሱ ካርታ ተካው። አዲሱ ካርታ በመልኩ ያማረ ቢሆንም በውስጡ የያዘው መረጃ ገና ያልበሰለ ነበር። ድልድዮች በሥዕሉ ላይ እንደ ሰም ቀልጠው ታዩ፤ በደብሊን አጠገብ የሚገኝ «ኤርፊልድ» የተባለ የእርሻና የአትክልት ቦታ በስሙ ምክንያት የአውሮፕላን ማረፊያ ተብሎ በመመዝገቡ፣ አንድ የአየርላንድ ሚኒስትር አብራሪዎች እንዳይሳሳቱ በይፋ እስከ ማስጠንቀቅ ደረሱ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ለቀልድ የሚመች ነበር። በዲሴምበር ወር ግን የአውስትራልያ ፖሊስ ወደ ሚልዱራ ከተማ ይሄዱ የነበሩ መንገደኞች በስልካቸው ካርታ ተመርተው ከከተማይቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ በረሓማ የብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ መቅረታቸውን ገለጸ። የቦታው ሙቀት እስከ 46 ዲግሪ ሊደርስ የሚችል በመሆኑ ስሕተቱ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችል ነበር። እንግዲህ በዚህ ጊዜ «ባለቤቶቹ ለውጥ ስለማይወዱ ነው» ማለት አይቻልም፤ የሠራ የነበረ መሣሪያ ባልተፈተነ ተተክቶባቸዋልና።

የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ ሴፕቴምበር 28 ቀን ባወጣው ደብዳቤ ይቅርታ ከመጠየቁም በላይ፣ ካርታው እስኪሻሻል ድረስ ባለቤቶች በተፎካካሪ ኩባንያዎች ካርታዎች እንዲጠቀሙ መከረ። በኦክቶበር መጨረሻም የአይኦኤስ ኃላፊ የነበረው ስኮት ፎርስታል ከኩባንያው እንደሚሰናበት ተነገረ። የባለቤቶች ድምፅ በአንድ ታላቅ ኩባንያ ውስጥ ምን ያህል ሊሰማ እንደሚችል በጉልህ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የመልክ ለውጥና የሰውነት አቤቱታ

በዓመቱ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2013 አይኦኤስ 7 ወጣ። እስከዚያ ድረስ የስልኩ ገጽታ የምናውቃቸውን ዕቃዎች ያስመስል ነበር፤ የመጽሐፍ መደርደሪያው የእንጨት፣ የማስታወሻ ደብተሩም የቢጫ ወረቀት መልክ ነበረው። በጆኒ አይቭ መሪነት የተዘጋጀው አዲስ ንድፍ ይህን ሁሉ ጠርጎ አወጣው። ፊደላቱ ቀጠኑ፤ ቁልፎቹ ዙሪያቸውን የሚያሳይ ቅርጽ አጥተው በቀለም ብቻ የሚለዩ ቃላት ሆኑ፤ መተግበሪያ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገጹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወረወር መሰለ።

በአምስት ቀን ውስጥ ይህን ሥርዓት የተቀበሉት መሣሪያዎች ከ200 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ኩባንያው አስታወቀ። ይህ ቁጥር የደስታ ምስክር ሆኖ ቢቀርብም ምስክርነቱ ጎደሎ ነበር። ኩባንያው ለቀድሞው ሥርዓት ማረጋገጫ መስጠቱን ሲያቆም አዲሱን የጫነ ሰው ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቶበታልና፤ መግባቱ በፈቃድ ቢሆንም መቆየቱ በግዴታ ነበር። «ወደ ነበረበት መልሱልኝ» የሚል ባለቤት ለሚመጣበት የጥገና ባለሙያ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

አቤቱታው በሁለት ዓይነት ይከፈል ነበር። የመጀመሪያው የውበት ክርክር ነበር፤ ይህ በርግጥ በልማድ በረደ። ሁለተኛው ግን ከሰውነት የመጣ ነበር። የገጹ እንቅስቃሴ ራስ እንደሚያዞራቸውና እንደሚያቅለሸልሻቸው የተናገሩ ባለቤቶች በዙ፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎችም ቀጭኑን ፊደል ማንበብ አቃታቸው። እንዲህ ያለውን አቤቱታ ልማድ አያበርደውም። ስለሆነም በኦክቶበር 22 የወጣው 7.0.3 ያን እንቅስቃሴ ለመቀነስ የሚያስችል ምርጫ ሰጠ፤ በማርች 10 ቀን 2014 የወጣው 7.1 ደግሞ ለሚፈልግ ሰው የቁልፎቹን ቅርጽ መለሰለት። «ማጉረምረም ነው» ተብሎ የነበረው ነገር የንድፍ ጉድለት መሆኑን ኩባንያው በሥራው አመነ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን የወጣው 8.0.1 የአዲሱን አይፎን 6 የኔትወርክ ግንኙነት አቋርጦ ስልኩን እንዳይደውል አደረገው። ኩባንያው ዝማኔውን በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሰብስቦ ማረሚያውን በማግሥቱ አወጣ፤ የተጎዱትም መሣሪያዎች ከ40,000 በታች መሆናቸውን ገለጸ። ጥፋቱ ከባድ ቢሆንም ስለተነገረና ፈጥኖ ስለታረመ ቁጣው ብዙ አልቆየም።

ያልተነገረው ለውጥ

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ባለቤቶች በዓይናቸው ያላዩት ለውጥ ነበር። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የኤሌክትሪክ ኃይል በውስጡ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል በፈለገ ጊዜ ቮልቴጁ ይወርድና መሣሪያው ራሱን ያጠፋል። በተለይ አይፎን 6 እና 6ኤስ በዚህ ችግር ይታወቁ ነበር። በጃንዋሪ 2017 የወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ይህን ለማስቀረት ባትሪው የደከመበትን ስልክ ፍጥነት እንዲቀንስ አደረገ። በምሕንድስና ዓይን ሲታይ መፍትሔው ምክንያታዊ ነው፤ በድንገት ከሚጠፋ ስልክ የዘገየ ስልክ ይሻላል። የሆነ ሆኖ ኩባንያው ድንገተኛ መጥፋቱ መቀነሱን ሲናገር ፍጥነቱ መቀነሱን ግን በግልጽ አልተናገረም።

ባለቤቶች «አዲስ ስልክ እንድንገዛ አሮጌውን ያዘገዩብናል» እያሉ መጠርጠር ከጀመሩ ቆይተው ነበር፤ ባለሙያውም ሳይቀር ይህን እንደ ተራ ወሬ ይቆጥረው ነበር። በዲሴምበር 2017 ግን አንድ ባለቤት ባትሪውን ሲለውጥ የስልኩ ፍጥነት እንደተመለሰለት አስታወቀ። የመሣሪያን ፍጥነት የሚለካ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የካናዳው ፕራይሜት ላብስ መሥራች ጆን ፑልም በ18ኛው ቀን የሰበሰባቸውን መለኪያዎች አወጣና ነገሩ ተገለጠ። ኩባንያው ከሁለት ቀን በኋላ አመነ፤ በ28ኛው ቀን ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በማርች 2018 የወጣው 11.3 የባትሪውን ጤንነት ለባለቤቱ የሚያሳይና የፍጥነት ቅነሳውን ለማቆም የሚያስችል ገጽ ይዞ መጣ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የኢጣልያ የገበያ ውድድር ባለሥልጣን በ2018 በዝማኔ ምክንያት አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ፈረንሳይ በ2020 ባለቤቶች አስቀድሞ ስላልተነገራቸው በአፕል ላይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ጣለች። በአሜሪካም ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥፋተኛነቱን ሳያምን እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለባለቤቶች፣ ሌላ 113 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለክፍላተ አገር መንግሥታት ለመክፈል ተስማማ። አንድ አስገራሚ ነገርም አለ። ቲም ኩክ በጃንዋሪ 2019 የሽያጩን ማነስ ለባለ አክሲዮኖች ሲያስረዳ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ብዙ ሰዎች በርካሽ ባትሪ ለውጠው በአሮጌ ስልካቸው መቆየታቸው ነበር። ባለቤቶቹ እውነቱ ሲነገራቸው የመረጡት ጥገናን ነው።

የመተማመን ዋጋ

አንባቢ «እንግዲያስ ዝማኔን መተው ይሻላልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይሻልም። በሴፕቴምበር 2021 የወጣው አይኦኤስ 14.8 ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩን ለፔጋሰስ የስለላ ሶፍትዌር የሚከፍት ቀዳዳ ዘግቷል፤ ቀዳዳውን ያገኘው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ነበር። ያን ዝማኔ የተወ ሰው በሩን ክፍት ትቶ እንደተኛ ይቆጠራል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ይኸው ተቋም በዲሴምበር 2017፣ የባትሪው ምሥጢር በወጣበት በዚያው ወር፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች የስለላ ዒላማ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ለነዚህ ሰዎች በኢሜይል የተላከው ማጥመጃ ወደ ቪዲዮ ገጽ የሚወስድ ሲሆን፣ ቪዲዮውን ለማየት በኮምፒዩተራቸው ላይ አንድ «ዝማኔ» እንዲጭኑ ይጠይቃቸው ነበር። ዝማኔ የተባለው ራሱ የስለላው መሣሪያ ነበር። እንግዲህ ዝማኔ የሚለው ቃል መድኃኒትም መርዝም የሚቀርብበት ዕቃ ሆኗል። ባለቤቱ አንዱን ከሌላው የሚለየው በመተማመን ብቻ ነው፤ አምራቹ በተሸሸገ ለውጥ ያንን መተማመን ሲያባክን መድኃኒቱም አብሮ ይጠላል።

ከዚህ የምንማረው

ሕግ ከታሪኩ ተምሯል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ዝማኔ እንዲቀርብለት ተደንግጓል። ኩባንያዎችም በከፊል ተምረዋል። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 የወጣው አይኦኤስ 26 መስታወት የሚመስል ገጽታ ይዞ ሲመጣ ጽሑፉ አይነበብም የሚል አቤቱታ እንደ 2013 ሁሉ ተነሣ። በኖቬምበር 3 የወጣው 26.1 መስታወቱን የሚያደበዝዝ ምርጫ ሰጠ። በ2013 የቁልፍ ቅርጽ እስኪመለስ ስድስት ወር ያህል ሲፈጅ፣ በዚህ ጊዜ ሰባት ሳምንት በቃ።

ያልተፈታው ግን የጥበቃ እርማትና የመልክ ለውጥ በአንድ ላይ ታስረው መምጣታቸው ነው። አፕል በ2021 በአይኦኤስ 14 ለመቆየት ለፈለጉ የጥበቃ እርማት ብቻ የሚቀበሉበትን መንገድ ከፍቶ ነበር፤ በ2022 መጀመሪያ ግን ዘጋው። በሩን ለማጠንከር የመጣ አናጢ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቦታ እየለወጠ ከሄደ የቤቱ ባለቤት በሚቀጥለው ጊዜ አናጢ ከመጥራት በሩ ቢሰበር ይመርጣል።

እኛ ታላላቅ ኩባንያዎችን አንመራም። ሆኖም ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የምንሠራና የምንጠግን ሁሉ በየደረጃችን የሰውን ዕቃ ሰውዬው ሳያይ የምንለውጥ ሰዎች ነን። ስለዚህ አንድ ባለቤት «ስልኬ ካደሰ ወዲህ ልክ አይደለም» ሲለን «ይለምዱታል» ከማለታችን በፊት ልንመረምር ይገባል፤ በ2017 ትክክል የነበረው ባለሙያው ሳይሆን የተጠረጠረው ወሬ ነበርና። የምንለውጠውንም አስቀድመን እንንገር፤ የምንወስድበት ነገር ካለ ከምንሰጠው እኩል እንግለጽለት። ሰው ለውጥን ይለምዳል፤ መሸሸግን ግን አይለምድም።